እህቴ ከሥልጣን የወረደች ቀን

እህቴ ከሥልጣን ስትወርድ ያየኋት ላሊበላ ውስጥ፣ የአንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ቆሜ፣ የማር ቅሌን በሁለት እጄ እንዳቀፍኩ ነው።

እንግዳ ከቀረ ወዲህ ሆቴሉ ባዶውን ይውላል። ባለቤቱ ግን የኛን አገር ነጭ ማር ስለሚወድ ቅዳሜ ለገበያ ስመጣ ጎራ እላለሁ። የዚያን ቀን ጄኔሬተሩ ይንተከተካል፤ ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን የውጭ ጣቢያ ይዟል፤ ድምፁ ተዘግቷል። ድንገት ፊቷ መጣ። አንድ ትልቅ በር ፊት ቆማ ወረቀት ታነባለች። ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ያንን ከንፈር አውቀዋለሁ፤ ትኩሳት ሲያንቀጠቅጠው እርጥብ ጨርቅ ያስነካሁት እኔ ነኝ። ቀጥሎ ምስሉ ተለወጠና የሰው ጎርፍ መጣ። የብረት አጥር ይዘው ይነቀንቃሉ፣ አፋቸውን ከፍተው ይጮኻሉ፤ አንዱ የእሷን ፎቶ ቁልቁል ዘቅዝቆ ይዟል።

አጠገቤ አስጎብኚው ተቀምጦ ነበር። ድሮ ፈረንጅ እየመራ በደጃችን ወደ ዋሻው ቤተ ክርስቲያን የሚያልፍ፣ የእህቴን ወሬ ለዓመታት ያመላለሰልኝ ሰው ነው።

«ምን ሆነች ጋሼ?» አልኩት።

«ሥልጣኗን ለቀቀች ነው የሚሉት» አለኝ፣ ከምስሉ ሥር የሚያልፈውን ጽሑፍ እያነበበ።

«ለቀቀች ወይስ አስለቀቋት?»

«እሱን እንኳ እነሱም የተስማሙበት አይመስለኝም።»

«ልጄስ?»

ይህን ስለው ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ነቅሎ አየኝ። ቅሉን መሬት አስቀምጬ እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ።

እህቴ ስላችሁ ከአንድ ማኅፀን የወጣን አይምሰላችሁ። እሷ ፈረንጅ ናት፤ አባቷ በአገሯ ባሕር ጠረፍ ላይ ባለች ትንሽ ከተማ መርከብ የሚጠግን ሰው ነበር። እኔ ከብልባላ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ በሚወስደው መንገድ ዳር የተወለድኩ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ትምህርቴም ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም። እህትማማች ያደረገን የእናቴ ጡትና ከቀፎ የወጣ ማር ነው። እሷ ኋላ የአገሯ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነች። እኔ እዚሁ ቀረሁ። አንዲት ልጄ ግን እሷ ዘንድ ናት።

የትልቅ ሰው ቤት ሲፈርስ እንዴት እንደሚፈርስ አውቃለሁ። ልጅ ሳለሁ መንግሥት ሲለወጥ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር በጠዋት ሸሸ። ሰዉ እሱን ሲያጣ ወደ ቤቱ ዞረ። ቆርቆሮውን ነቀሉት፣ በሬውን ነዱት። ቤቱ ውስጥ ውሃ የምትቀዳ የሩቅ ዘመዱ ልጅ ነበረች፤ በዕድሜ ከኔ ብዙም አትበልጥም። «አንችም የሱን እንጀራ በልተሻል» ብለው እየጎተቱ አወጧት። ነጠላዋ እሾህ አጥሩ ላይ ተቀዶ ቀረ፤ ነፋስ ሲያወዛውዘው ሰነበተ። ምን አጠፋች ያለ ሰው አልሰማሁም። ቴሌቪዥኑ ላይ ያን የብረት አጥር ሲነቀንቁት የታየኝ ያ ነጠላ ነው። የኔም ልጅ የእህቴን እንጀራ በልታለች።

እህቴ ወደ ቤታችን የመጣችው መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ቆይቶ፣ ክረምት ሲገባ ነው። ወጣት ነበረች። የዋሻውን ቤተ ክርስቲያን ልታይ ብቻዋን በእግሯ ሄዳ ስትመለስ መንገድ ላይ ወደቀች። ተስቦ ነው አሉ። መንገደኞች በቃሬዛ አምጥተው የኛ ደጅ ላይ አሳረፏት፤ ቅርቡ ቤት የኛ ነበርና። ወንዙ ሞልቷል፤ ወዴትም መውሰድ አይቻልም። እናቴ መደቡ ላይ አስተኝታ አጥሚት ታጠጣት ጀመር።

አልተሻላትም። እየከሳች ሄደች። ጎረቤት ሊጠይቅ ሲመጣ የሚያወራው ስለ መዳኗ መሆኑ ቀርቶ ስለ መቀበሪያዋ ሆነ። የኛ ሃይማኖት አይደለችም፣ ወገን የላት፤ የት ትቀበር? ማንስ ያልቅስላት? እናቴ ይህን ስትሰማ ብድግ አለችና የንስሐ አባታችንንና የመንደሩን ሽማግሌዎች አስጠራች።

«የጡት ልጅ ላደርጋት ነው» አለቻቸው።

የጡት ልጅ የድሮ ሰው ወግ ነው። ባዳውን በሽማግሌ ፊት ጡት አጥብተው የራስ ልጅ ያደርጉታል። ዛሬ የሚያደርገው ሰው የለም፤ ያኔም እየቀረ ነበር።

«ሃይማኖቷ ሌላ ነው እኮ» አሉ የንስሐ አባታችን።

«ጡቱ የኔ ነው አባቴ። ሃይማኖቱን እርስዎ ያስቡበት።»

ሽማግሌዎቹ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። እናቴ አውራ ጣቷን ማር ውስጥ ነከረች፤ ጡቷን አስነክታ ልጅቷ አፍ ውስጥ ከተተችው። ልጅቷ ዓይኗን ሳትገልጥ ጠባች። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ቆሙና፣ «ብትሞት አልቃሿ አንች ነሽ፤ ብትኖር መጠጊያዋ አንች ነሽ። የትም ብትወድቅ የምትነሳው ከዚህ ቤት ነው» አሏት። እናቴ «እሽ» አለች። በቃ፣ ይኸው ነው።

እኔ የእናቴ የመጨረሻ ልጅ ነበርኩ። የጡት ዕድሜዬ ካለፈ ብዙ ቆይቷል፤ ቢሆንም ጡቴን ተቀማሁ ብዬ አኮረፍኩ። እናቴ ኩርፊያዬን ከቁም ነገር ሳትቆጥር «እህትሽን ውሃ አጠጫት» አለችኝ። አጠጣኋት። ዳነች። ማሩ ነው ያዳናት ይላል የኛ መንደር፤ እሷ ቦርሳዋ ውስጥ የነበረውን ክኒን ታመሰግናለች። አልተካሰስንም።

ወንዙ እስኪጎድል ከኛ ጋር ከረመች። ባቄላ ስትፈለፍል ግማሹን መሬት ትደፋው ነበር። አፏን የፈታችው በኛ ነው፤ «አንች» ማለት ተምራ ቄሱንም ሽማግሌውንም «አንች» ስትላቸው መንደሩ በሳቅ ይሞት ነበር። ከሁሉ ያስገረማት የሽማግሌዎቹ ሸንጎ ነው። ሁለት ወንድማማቾች በመስኖ ተራ ተጣልተው ሽማግሌዎቹ ከወይራው ሥር ተቀምጠው ነበር።

«ካልተስማሙስ?» አለችኝ።

«ነገ ይመለሳሉ።»

«ነገም ካልተስማሙ?»

«ከነገ ወዲያ ይመጣሉ። ምን ሥራ አላቸው?»

ሳቀች፤ ግን በየቀኑ ከሽማግሌዎቹ ኋላ እየሄደች ትቀመጥ ነበር፤ እስኪታረቁ።

መስከረም ላይ ሄደች። ከዚያ በኋላ ያለውን ሕይወቷን የማውቀው በአስጎብኚው አፍ ነው። ከአገሯ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይጠይቅልኛል፤ በደጃችን ሲያልፍ ደግሞ ፈረንጆቹን ጥላ ሥር ትቶ ይነግረኛል። መጀመሪያ አስተማሪ ሆናለች አለኝ። ቀጥሎ በትውልድ ከተማዋ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል ከልጆቹ እናቶች ጋር በሩ ላይ ተቀምጣ አላስዘጋ አለች፤ በዚህ ወደዷትና ለከተማው ምክር ቤት መረጧት። ከዚያ ለፓርላማ። ከዚያ ሚኒስትር። እኔ በዚህ መሀል አግብቻለሁ፣ ወልጃለሁ፣ እናቴን ቀብሬአለሁ። የሷ ወሬ ከሩቅ እንደሚሰማ ደወል ነበር፤ ይሰማኛል፤ የት እንደሚደወል አላውቅም።

ሚኒስትር ሳለች አንድ ጊዜ መጣች። መኪኖቹን መንገድ ላይ አቁማ በእግሯ ወረደች። እናቴ መሞቷን ሰምታ ነበርና መቃብሯን አሳይኝ አለችኝ። በዚያ ጥሩ ልብሷ አፈር ላይ ተቀምጣ እንደኛው አለቀሰች። አጃቢዎቿ ወዴት እንደሚያዩ ጠፋቸው። ልጄ ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ቤት ተቀምጣለች፤ ነርስነት ነበር ምኞቷ። እህቴ በአስጎብኚው አስተርጓሚነት፣ «የእናትሽ ቤት እኔን አኑሮኛል። ልጅሽን እኔ ቤት አኑሪያት፤ ትማር» አለችኝ።

«ወስደሻታል» አልኩ። አፌ ነው ያለው። ሆዴን የጠየቀው ሰው የለም።

ልጄ ከሄደች ወዲህ ያለውን እንዴት ብዬ ልጻፈው? የፕላስቲክ ጫማዋ ከበሩ ኋላ እንደተቀመጠ ነው። አንዳንዴ ጠዋት ተነስቼ ፊቱን ወደ ውጭ አዞረዋለሁ፣ ልትጫማው የምትመጣ ይመስል። ስትደውል መስኮቷ ወደ ባሕር እንደሚያይ ትነግረኛለች። ባሕር አላውቅም። ክረምት ላይ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር ሸለቆውን የሚሞላውን ጉም ቆሜ አያለሁና፣ ይህን የመሰለ ነው የምታየው እላለሁ። ጉሙ ሲገፈፍ ደግሞ ማዶ ያለው መንደር ብቅ ይላል፤ ሰውም ከብትም ይታያል። የሷ ባሕር ግን አይገፈፍም።

እህቴ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነች ጊዜ መንደሩ ጉድ ሆነ። ባሌ አዲሱን ጋቢውን ደርቦ «ከዛሬ ጀምሮ የመንግሥት አማች ነኝ፤ ተነሱልኝ» እያለ ዋለ። የቀበሌው ሰዎች ድልድይ ንገሪልን አሉኝ፤ ካህናቱ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ። «ስልኳ የለኝም» ብላቸው «ንፉግ» ብለው አሙኝ። እኔ ግን ደስታዬ ሙሉ አልነበረም። የወጣ ይወርዳል፤ ስትወርድ ልጄ ከሥሯ ናት።

ይኸው ወረደች።

በኛ አገር ስልክ ከተቋረጠ ቆይቷል። ጦርነቱ ላሊበላንም ገጠሩንም ዘግቶታል። ከሆቴሉ ወጥቼ ስሮጥ እቤቴ ገባሁና ለባሌ ነገርኩት። ያ ቀልደኛ ሰው ጋቢውን አጣፍቶ አንገቱን ደፋ።

«እናትሽ ለሽማግሌው እሽ ያለችውን ታስታውሻለሽ?» አለኝ ኋላ። «የትም ብትወድቅ የምትነሳው ከዚህ ቤት ነው ተብሏል። ጓዳውን እናጽዳ።»

ጎታውን ወደ ውጭ አወጣን። ግድግዳውን በአዲስ ጭቃ ለቀለቅሁት። እሱ የጠፍር አልጋውን አጠበቀ።

«ጠቅላይ ሚኒስትር በጠፍር አልጋ?» አልኩት።

«መደብ ላይ ተኝታ ድና የለ? ይህማ ሹመት ነው። ይልቅ ስሚኝ፣ ልጅሽን ስታገኚያት በአዲስ አበባ በኩል እንዳይመጡ ንገሪያት። መንግሥትና መንግሥት ይተዋወቃል፤ አሳልፈው ይሰጧታል። በሰቆጣ በኩል ይምጡ።»

«ከባሕሩ ተነስተው ሰቆጣ እንዴት ይደርሳሉ?»

«እሱን እነሱ ያውቃሉ። የተማሩ አይደሉ?»

በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሀል ይህ ምክር ልክ መስሎኝ ነበር። ሰቆጣን በልቤ ይዤ ወደ ላሊበላ ተመለስኩ።

አስጎብኚው ኩልመስክ ከተማ ላይ ስልክ እየሠራ ነው የሚል ወሬ ሰምቶ ጠበቀኝ። ባሌ ጉልበቱ ታሞ መሄድ አልቻለም ነበርና አስጎብኚው «ብቻሽን አትሄጅም» አለኝ። «እንግዳ ካጣሁ ቆየሁ፤ አንችን ላስጎብኝ።» እህል በጫነ አይሱዙ ጀርባ ላይ ከሌሎች መንገደኞች ጋር ወጣን። መንገዱ ጭር ብሏል። አንድ መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ከላይ ከገደሉ ተኩስ ተነሳ። ሾፌሩ መኪናውን አቁሞ ዘለለ፤ እኛም እየተንከባለልን ከአንድ የድንጋይ ካብ ሥር ወደቅን። ጥይቱ በላያችን ሲያፏጭ ይሰማል። ማን ማንን እንደሚተኩስ አናውቅም።

አጠገቤ የወደቀች ሴት እጄን ጨበጠችኝና «ወዴት ነሽ በዚህ ቀን፣ እህቴ?» አለችኝ።

«ልጄ አደጋ ላይ ናት። ድምፅዋን ልሰማ ነው።»

«ውይ! የት ናት?»

«አውሮፓ።»

ሴትየዋ ቀና ልትል ስትል አስጎብኚው ጭንቅላቷን ጫን አደረገው። ከካቡ ሥር የተኛው ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። መጀመሪያ ሾፌሩ ፈነዳ። «አውሮፓ! እኛ እዚህ በሆዳችን ተኝተን፣ አደጋው አውሮፓ ነው?» አለ። ሳቁ እንደ ሳል ተጋባ፤ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው ይንፈቀፈቃሉ። «ኧረ ዝም በሉ፣ ይሰሙናል!» ይላል አንዱ፤ እሱ ራሱ እንባው ይፈሳል። እኔ ተናደድኩ። ከዚያ ግን ራሴን አየሁት፤ ግንባሬ አፈር ነክቷል፣ ጉልበቴ ደምቷል፣ ልቤ ደግሞ ባሕር ማዶ። እኔም ሳቅሁ። እዚያ ካብ ሥር ሳለሁ ለራሴ ፈርቼ እንደነበር አላስታውስም። ልጄ ላይ የደረሰውን ሳልሰማ እንዳልሞት ብቻ ነበር ፍርሃቴ።

ተኩሱ ጋብ ሲል ሾፌሩ ወደፊት አልሄድም ብሎ ወደ ላሊበላ ዞረ። ሴትየዋም አብራው ተመለሰች። እኔና አስጎብኚው የቀረውን በእግር ያዝነው። ጀንበር ሳትጠልቅ የኩልመስክ ቆርቆሮ ጣሪያዎች ሲያበሩ አየን። ከተማዋ ጫፍ ላይ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ። አንድ ጊዜ፣ ደግሞ፣ ደግሞ፤ እንደ ተነካ ቀፎ አላቆም አለ። ቀፎ የማውቅ ሰው ነኝና ደነገጥኩ።

«ያንች ልጅ ናት» አለኝ አስጎብኚው አይቶ። «ስትደውልልሽ የከረመችው ነው። ሚስኮል አድርጊላት።»

አደረግሁ። ወዲያው ጠራ።

«እማየ! አለሽ? አለሽ እማየ?»

«አለሽ?» አልኩ እኔም በዚያው አፍታ። ሁለታችንም እኩል ጮኽን።

«ደህና ነሽ? አልነኩሽም?» አልኳት።

«ማን ይነካኛል? የላሊበላን ወሬ እየሰማሁ እህል ከአፌ ከጠፋ ቆየ። እዚህ ምን አለ?»

«አክስትሽ ወርዳ የለ! የት አሰሯት?»

«አክስቴን?» አለች ልጄ። «አክስቴማ አባቷ ቤት ጓሮ ድንች እየተከለች ነው።»

«ወታደር ከቧታል?»

«ጎረቤቷ ነው አጥር ላይ ተደግፎ፣ አተካከልሽ ልክ አይደለም እያለ የሚነዘንዛት።»

«እነዚያ አጥር የሚነቀንቁትስ?»

«ዝናብ ጣለና ወደ ቤታቸው ገቡ።»

እጄን ግንባሬ ላይ አድርጌ መንገዱ ዳር ቁጭ አልኩ። ልጄ ነገሩን አስረዳችኝ። እህቴ የትንንሽ መንደሮችን ትምህርት ቤቶች ይዘጉ ብላ ፈርማ ነበር፤ ያ ጎርፍ አብዛኛው እናቶች ነበሩ። ያን ጊዜ በሩ ላይ አብረዋት የተቀመጡትም ነበሩበት። የገዛ ወገኖቿም ከዷት። በዚህ ወረደች። በሷ አገር የወረደ ሰው ዕቃውን ሸክፎ ቤቱ ይሄዳል፤ ሌላ ምንም የለም። ይህን ማመን ከበደኝ። አሁንም ሙሉ በሙሉ የገባኝ አይመስለኝም።

«አገናኚኝ» አልኳት።

ኮሽኮሽታ ተሰማ፤ በር ተከፈተ፤ ከዚያ ያ ድምፅ መጣ፣ አርጅቶ፣ አማርኛው ተሰባብሮ።

«እህቴ። አንች ደህና?»

«ጓዳውን አጽድተንልሻል» አልኳት። «አልጋውም ተወጥሯል። የትም ብትወድቅ የምትነሳው ከዚህ ነው ብለው የለ?»

ልጄ በነሱ ቋንቋ ስትደግምላት ይሰማኛል።

«እያለቀሰች ነው» አለች ልጄ። «ሰው ሁሉ ደውሎ አሁን ምን ልትሠሪ ነው ይለኛል፤ ነይ ያለኝ ሰው ግን አልነበረም ትላለች። ደግሞ፣ ከወይራው ሥር የተቀመጡትን ሽማግሌዎች ረሳኋቸው በያት ትላለች፤ ሳንስማማ ተነስተን ፈረምን።»

«ነገ ይመለሱ በያት» አልኩ። ከነገ ወዲያም አልኩ። የሳቀችው ሳቅ ያው የጥንቱ ነው።

ከዚያ ልጄ ብቻዋን ቀረች። ዝቅ ባለ ድምፅ «ወረቀት ጨርሼ አንችን ላምጣሽ? እዚህ ሰላም ነው፣ እማየ» አለችኝ።

«ንቦቹን ለማን ትቼ? አንች ነይ። ጓዳው እኮ ተለቅልቋል፤ ጭቃው ሳይሰነጠቅ ነይ።»

«ሲረጋ እመጣለሁ።»

«ሲረጋ» አልኩ። ጫማሽ ከበሩ ኋላ አለ ልላት ፈልጌ ተውኩት፤ ሩቅ ያለን ሰው በጫማ አይጠሩም። ከወዲያ ነፋስ ይሰማኛል፤ ባሕሩ መሆን አለበት። ከኔ ጎን አስጎብኚው ፊቱን አዙሮ ቆሟል፤ ከሱ ኋላ የኩልመስክ ሰው ከብቱን እያስገባ ነው፣ ሴቶች በር ላይ ቆመው ያወራሉ።

«አሁን የት ነሽ? ተኩስ አለ?» አለች ልጄ።

«የለም። ኩልመስክ ገብቻለሁ። ጉልበቴ ትንሽ ተልጧል እንጂ ምንም አልሆንኩም።»

«እውነትሽን ነው?»

«እውነቴን ነው። ደህና ነኝ፣ ልጄ። ደርሻለሁ።»